እርሳስ የሌለበት ነዳጅ ብቻ

የቤንዚን ሽታ ተቀይሯል። ዕድሜዬ ገፍቶ አፍንጫዬ ደክሞ እንዳይመስላችሁ፤ ሌላው ሽታ ሁሉ እንደ ድሮው ነው የሚሸተኝ። ባለፈው ሳምንት ደብረ ታቦር ከመናኸሪያው ወደ ላይ በባጃጅ ስሄድ ሾፌሩ መንገድ ዳር አቆመና በሃይላንድ ጠርሙስ የሚሸጥ ቤንዚን ገዛ። ማደያው ደርቆ ሰንብቷል። ክዳኑን ሲከፍተው ሽታው ወደ እኔ መጣ። ቀለል ያለ ነው፤ አፍንጫ ይነካል፣ ወዲያው ይሄዳል። ያ ጉሮሮ ላይ ተቀምጦ የሚውለው፣ ትንሽ ጣፋጭ የነበረው የድሮው ሽታ የለውም።

«ምን ያሸታሉ ጋሼ? ውሃ ቀላቅለውበታል እንዴ?» አለኝ ሾፌሩ።

«የለም፤ እርሳስ የለበትም ብዬ ነው።»

«እርሳስ?» ብሎ የደረት ኪሱን ዳበሰ። «እኔ ያለኝ እስክሪብቶ ነው። ምን ሊጽፉ ነው?»

ሳቅኩ። ወዲያው ግን የዚያ ዘመኑ ሾፌር ጋሽ ሞላ ፊቴ ላይ ድቅን አሉ፤ ካኪ ኮታቸው፣ ከጆሯቸው ጀርባ የምትቀመጠው ጉርድ እርሳሳቸው፣ ያችን እርሳስ ሲያቀብሉኝ የነበራቸው ጥንቃቄ።

ያን ጊዜ ጋራዣችን ከከተማው ወጣ ብሎ ወደ ጋፋት በሚወስደው መንገድ ዳር ነበረች። ጋራዥ እንበላት እንጂ ሁለት ትልልቅ ባሕር ዛፎች፣ አንድ የቆርቆሮ ጥላ፣ አንድ ጉድጓድ ነበረች። ዛሬ ቦታው ላይ ባለ ፎቅ ቤት ቆሟል፤ ምድር ቤቱ ሞባይል ይሸጥበታል። ከፊት ለፊቷ ሻይ ቤት ነበረች። ሻይ ከፓስቲ ጋር በስሙኒ ይጠጣ ነበር፤ ስኳሩ ከቀበሌ ሱቅ በራሽን ስለሚመጣ በወሩ መጨረሻ ሻዩ እየመረረ፣ ባለቤቷ እየተቆጣች ትሄድ ነበር። ሬዲዮኗ ጠዋት ጠዋት ሰልፍ የሚያስመታ መዝሙር ያሰማል፤ ከሰዓት በኋላ የፍቅር ዘፈን ሲመጣ ብቻ ድምፁን ከፍ ታደርገውና እኛም መፍቻችንን ቀስ አድርገን እናስቀምጣለን። እግሩ የሰፋ ሱሪ በሌላው ከተማ ፋሽኑ አልፎበት ወደ እኛ ገና እየመጣ ነበር። እኔም አንድ ነበረኝ፤ ቀን ቀን ግን ቱታና ኮንጎ ጫማ ነው። ከአሥራ ሁለተኛ ክፍል ወጥቼ ውጤት ሳይመጣልኝ ቀርቶ ጋራዡ ውስጥ ረዳት ሆኜ የገባሁ፣ ሬዲዮ ፈትቶ መግጠም በራሴ የለመድኩ፣ ብዙ የማልናገር ልጅ ነበርኩ። የተቀዳደደ የእንግሊዝኛ መዝገበ ቃላት ከእኔ አይለይም ነበር።

የጋራዡ ጌታ አያ በላይ ይባላሉ። በልጅነታቸው ዜማ ተምረው፣ ድጓውን ሳይዘልቁ ከደብሩ ወጥተው፣ ከጭነት መኪና ረዳትነት ተነሥተው መካኒክ የሆኑ ሰው ናቸው። ትምህርቱን ትተውት ወጡ እንጂ ትምህርቱ እሳቸውን አልተዋቸውም። ሞተር የሚያዳምጡት በሦስቱ የቤተ ክርስቲያን ዜማ ነበር። ዓይናቸውን ጨፍነው አንገታቸውን ዘመም ያደርጋሉ። አየሩና ቤንዚኑ የተስማማለት ሞተር ግዕዝ ነው ይላሉ፤ ቀጥ ያለ፣ ደረቅ፣ የማያወላዳ። ቤንዚን የበዛበት ዕዝል ነው፤ ድምፁ ይከብዳል፣ ከታች ይጎትታል፣ የእንቅልፍ ይመስላል። አየር የበዛበት አራራይ ነው፤ ይቀጥናል፣ ይንቀጠቀጣል፣ ሆድ ያባባል። «እስቲ ከዕዝሉ አውጣት» ካሉኝ የካርቡራቶሩን ብሎን በካቻቢቴ ጥቂት ማጥበቅ ነው። እኔ ያለ ቁጥር የማላምን ሰው ስለነበርኩ መጀመሪያ ይህ ነገር አይዋጥልኝም ነበር። ኋላ ካንዴላ እየፈታሁ ቀለሙን ሳይ፣ ዕዝል ያሉት ሁሉ እንደ ጥቀርሻ ጠቁሮ፣ አራራይ ያሉት ሁሉ ነጥቶ አገኘሁት። ከዚያ በኋላ እኔም ዓይኔን እየጨፈንኩ ማዳመጥ ጀመርኩ።

ነጯ ፒካፕ የመጣችው በዚያ ሰሞን ነው። ለክትባት ሥራ ከውጭ አገር በእርዳታ የተሰጠች ነበረች። ሾፌሯ ጋሽ ሞላ ናቸው። የበረዶ ሣጥን ጭነው ቆላውን ወደ እብናት ይወርዳሉ፣ ደጋውን በጉና ሥር አቋርጠው ወደ ገሳይ ይወጣሉ። መከለያዋን ስንከፍት አያ በላይ ወደ ኋላ ሸሹ። ካርቡራቶር አላት፤ ነገር ግን ካርቡራቶሩ ውስጥ የኤሌክትሪክ ሽቦ ገብቷል። ሽቦውን ተከትዬ ስሄድ ከመሪው በታች የመጽሐፍ ያህል የብረት ሣጥን ላይ ደረስኩ። ከሣጥኑ የወጣውን ሌላ ሽቦ ስከተል ደግሞ በጭስ መውጫው ቱቦ ላይ ካንዴላ የምትመስል ነገር አገኘሁ። ቀስ በቀስ ገባኝ። ካንዴላ መሳይዋ ጭሱን ትለካለች፤ ለሣጥኑ ትነግራለች፤ ሣጥኑም ካርቡራቶሩን «ቤንዚን ጨምር» ወይም «ቀንስ» ይለዋል።

«እንግዲህ ያቺ አፍንጫ ናት» አሉ አያ በላይ። «ሣጥኑ ደግሞ ጸሐፊ ነው። አፍንጫ ሪፖርት ታደርጋለች፣ ጸሐፊ ትእዛዝ ያወጣል። መንግሥት አላት በለኛ!»

ሌላው ጉዷ አፏ ነበር። የነዳጅ መቀበያዋ ውስጥ ጠባብ ቀለበት አለበት፤ የእኛ ማንቆርቆሪያ አይገባላትም። ያን ጊዜ ቤንዚን የሚቀዳው ከበርሜል ነውና ግማሹ መሬት ይፈስስ ነበር። ሰው ሁሉ ይስቅባት ጀመር። «ጾም ይዛለች» ይሏታል፤ «አዲስ ሙሽራ ናት፣ አፏን አትከፍትም» ይሏታል። የክትባት ጽሕፈት ቤቱ ኃላፊ ጓድ ታምራት አንድ ቀን ቆሞ ሲያስቀዳ ያን ውድ ቤንዚን አፈር ሲጠጣው አየና ተናደደ። ከእኔ በዕድሜ ብዙም የማይበልጥ፣ ሰማያዊ ካኪውን እስከ አንገቱ የሚቆልፍ ሰው ነበር። «ቆርጣችሁ ክፈቱት!» አለ። አያ በላይ ቀለበቱን ቆርጠው አወጡት።

በአፏ አጠገብ አንዲት ትንሽ የእንግሊዝኛ ጽሑፍ ተለጥፋ ነበር። ጋሽ ሞላ «አንተ ልጅ፣ ያ መጽሐፍህ ይህችን ምን ይላታል?» አሉኝ። ቃል በቃል ፈለግኩና «እርሳስ የሌለበት ነዳጅ ብቻ ነው የምትለው» አልኳቸው።

ጋራዡ በሳቅ ፈረሰ። «ማን ነው ደግሞ ቤንዚን ውስጥ እርሳስ የሚከት?» አሉ አያ በላይ።

ጋሽ ሞላ ግን አልሳቁም። ጉርድ እርሳሳቸውን ከጆሯቸው ጀርባ አውጥተው አዩዋት። «ጎንበስ ስል ብትወድቅስ? ፈረንጅ በከንቱ አይጽፍም» አሉ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ሊቀዱ ሲሉ እርሳሷን አውጥተው አጠገባቸው ላለ ሰው ሳያስይዙ ወደ ነዳጁ አይጠጉም ነበር። ብዙ ጊዜ የሚያስይዙት ለእኔ ነው። እኔም ሳልስቅ እይዝላቸዋለሁ።

ክረምቱ አልፎ መስኩ ሲያብብ መኪናዋ ማጨስ ጀመረች። ጭሱ ጥቁር ነበር፤ ከኋላዋ የሚሄድ ሰው ነጠላው እስኪጠቁር። ቤንዚኑም ይጠፋ ገባ። ያን ጊዜ ቤንዚን በኩፖን ነው፤ የጠፋ ቤንዚን ደግሞ የጠፋ ዕቃ ብቻ አልነበረም፤ ስም ነበረው። ስሙ አሻጥር ነው። የዛሬ ልጆች ይህችን ቃል ሲሰሙ ተራ ተንኮል ይመስላቸዋል። በእኛ ጊዜ በሰው ላይ ከተለጠፈች ያ ሰው ወደ ላይ ይተላለፋል። ወደ ላይ የተላለፈ ሰው መቼ እንደሚመለስ የሚያውቅ አልነበረም።

ጋሽ ሞላን ቤንዚን ሸጠዋል ብለው ጽሕፈት ቤቱ ግቢ ውስጥ በአንዲት ዕቃ ቤት ዘጉባቸው። ባለቤታቸው እትዬ የሺ ምግብ አድርሰው ሲመለሱ አገልግሉን እንደያዙ ወደ ጋራዡ መጡ።

«አያ በላይ፣ ቤቴን ፈተሹት። ድስቴን ሳይቀር ከፍተው አሸተቱት። ቤንዚን የሸጠ ሰው ሚስት ይህን ትለብሳለች?» ብለው ነጠላቸው ላይ የተጣፈውን እራፊ አሳዩን። እራፊው ላይ ሌላ እራፊ ተጥፎበት ነበር።

«ምን አሉሽ ታዲያ?»

«ቅዳሜ ከክፍለ ሀገር ሰዎች ይመጣሉ፣ እነሱ ይዘውት ይሄዳሉ አሉኝ። እሱ እኮ ያችን መኪና ከእኔ አብልጦ ነው የሚያጥባት። አድኑልኝ።»

አያ በላይ ኮፍያቸውን አውልቀው እንደገና አደረጉት። ከዚያ ወደ ጽሕፈት ቤቱ ሄዱና ከጓድ ታምራት ጋር ተነጋግረው መኪናዋን አስመጧት። «መኪናዋ እየጠጣችው እንደሆነ አሳዩኝ» ብሏቸዋል። «ማን እንዳሳመማትም ጭምር። ሞላ ሰብሯት ከሆነ ያም አሻጥር ነው።»

ከቀላሉ ጀመርን። ቧንቧው ያፈስስ እንደሆነ በእጃችን እየዳሰስን አየን፤ ደረቅ ነው። ፊልትሮው በእብናት አቧራ ተደፍኖ አየር ከልክሏት ይሆናል ብዬ አወጣሁት፤ ንጹሕ ነው፤ ጋሽ ሞላ በየጊዜው ያራግፉታል። የጠዋቱ የአየር መዝጊያ ተዘግቶ ቀርቶ እንደሆነ አየሁ፤ ልክ ሲሞቃት ይከፈታል። ካርቡራቶሩ ውስጥ የቤንዚኑን ልክ የምትጠብቀውን ተንሳፋፊ ፈትቼ አራገፍኳት፤ ውስጧ ቤንዚን አልገባም። አያ በላይ «ከፍታው ይሆን?» አሉ። እውነት ነው፤ ጉና ሥር አየሩ ስለሚሳሳ ማንኛውም ሞተር ወደ ዕዝል ያዘነብላል። ግን ይህቺ እብናት ወርዳም ታጨስ እንደነበር እናውቃለን። ቆላ የማይፈውሰው ዕዝል የደጋ በሽታ አይደለም።

የቀረችው አፍንጫ ናት። ሞተሩ ከሞቀ በኋላ የኤሌክትሪክ መለኪያ ቴስተሬን ሽቦዋ ላይ አደረግኩ። ጤነኛ ብትሆን መርፌው ወደ ላይ ወደ ታች መዋለል ነበረበት፤ ጭሱ ሲለዋወጥ እሷም ትለዋወጣለችና። መርፌው ግን ከታች ተኝቷል። በመዳፌ የካርቡራቶሩን አፍ ከደንኩ። ሞተሩ አየር አጥቶ ቤንዚን ውስጥ ሊሰጥም ተንፈራገጠ፤ ጭሱ ባሕር ዛፎቹን ሸፈነ። መርፌው ንቅንቅ አላለም።

«አያ በላይ፣ አፍንጫዋ ሞታለች» አልኩ። «መኪናዋ በቤንዚን እየታነቀች፣ ይህቺ ‹አየር በዝቷል› ብላ ሪፖርት ታደርጋለች። ጸሐፊው ምን ያድርግ? አምኖ ‹ቤንዚን ጨምሩ› ይላል። ሲጨመር ይባሳል፤ እሷ አሁንም ‹ጎደለ› ትላለች።»

አያ በላይ ወደ መንገዱ ዘወር ብለው አዩና ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «በል ይህችን ነገር ሻይ ቤት እንዳትደግማት። ስለ ሌላ የተናገርክ ይመስላቸዋል።»

ሽቦዋን ነቀልኩት። ጸሐፊው ሪፖርት ሲያጣ በራሱ መካከለኛ ልክ ላይ ይቆማል። ድምፁ ተነሣ፤ ከዕዝሉ ወጣ። አያ በላይ ዓይናቸውን ጨፍነው ቆዩ። ግዕዝ አላሉም። «ይቀርበዋል» አሉ።

ጭንቁ ግን አላለቀም። ምን ገደላት? መኪናዋ አዲስ ናት። የመኪናዋን መታመም ብቻ ይዘን ብንሄድ ጋሽ ሞላ ሌባ ከመባል ወጥተው ሰባሪ ይባላሉ። አፍንጫዋን ፈትቼ ጥቀርሻዋን በጨርቅ ጠረግኩት። ከሥሩ እንደ ብርጭቆ የሚያብለጨልጭ ግራጫ ሽፋን አለ። በጥፍሬ ፋቅኩት፤ አልለቀቀም። ያን ቀን እስከ ማታ እጄ ላይ እያገላበጥኩ ዋልኩ።

በማግሥቱ አያ በላይ የአንድ አይሱዙ ራዲያተር ሊበይዱ ከአሮጌ ባትሪ ያወጡትን በቆርቆሮ ጣሳ አቅልጠው ነበር። እጃቸውን ሳያነሡ «ልጄ፣ እርሳሱ ሳይቀዘቅዝ አቀብለኝ» አሉኝ።

ጣሳውን በፒንሳ አነሣሁና ቆምኩ። ያ ቀልጦ የሚያብለጨልጨው ግራጫ ነገር እርሳስ ነው። ይህን ቃል በሁለቱም ትርጉሙ ዕድሜ ልኬን አውቀዋለሁ፤ የሚጽፈውም እርሳስ ነው፣ ባትሪ ውስጥ ያለውም፣ አባቶቻችን ለጥይት ያቀልጡት የነበረውም እርሳስ ነው። ያቺን ጽሑፍ ሳነብ ግን የመጣልኝ ጋሽ ሞላ ጆሮ ላይ ያለችው ብቻ ነበረች። ያን ጊዜ ጋራዥ ውስጥ ለነበርነው ሁሉ እንደዚያው።

«ምን ሆንክ? ይቀዘቅዛል እኮ!»

«አያ በላይ፣ ቤንዚን ውስጥ እርሳስ አለ? ይኼ፣ የሚቀልጠው?»

ቀና አሉ። መበየጃውን አስቀመጡ። «የአሰብ ሾፌሮች ሲያወሩ ሰምቻለሁ። ሞተር እንዳያንኳኳ እርሳስ ይቀላቅሉበታል፣ በአፍ መሳብም መርዝ ነው አሉ። እኔ ልጅ የሚያስፈራሩበት መስሎኝ...» አልጨረሷትም፤ እሳቸውም ዓይናቸው ወደ መኪናዋ አፍ ሄደ። አፍንጫዋን የሸፈነው እሱ ነው፤ አፏም ጠባብ የነበረው ለዚህ ነው። እርሳስ ያለበት ነዳጅ የሚቀዳበት ቧንቧ እንዳይገባላት ነው። እኛ ደግሞ ሌላ ነዳጅ አልነበረንም፤ አፏንም ከፍተን አጠጣናት።

«አፏን የቆረጥኩት እኔ ነኝ» አሉ አያ በላይ።

«ያዘዘው እኮ...»

«አንተ ዝም በል። መጋዙን የያዘ እጅ የኔ ነው።»

ዓርብ ዕለት ጓድ ታምራት መጣ። ጋሽ ሞላን አንድ ሚሊሻ ይዟቸው መጣ፤ ጢማቸው አድጎ፣ ካኪያቸው ተጨማድዶ። ከመኪናዋ ፊት ሲደርሱ መጀመሪያ ያዩት ጎማዋን ነው፤ ነፋሱን በእግራቸው ነካ አደረጉት። ቋቷን ባዶ አድርገን ከበርሜሉ በአንዲት ትንሽ ጀሪካን ቀዳንባትና አፍንጫዋን ገጥመን ወደ ገሳይ አቀናን። የሚነዱት ጋሽ ሞላ ናቸው፤ ጓድ ታምራት ከጎናቸው፤ እኛና ሚሊሻው ከኋላ ነፋሱ ላይ። ጉና ጭጋግ ለብሷል፤ ገብሱ ገና አረንጓዴ ነበር። ጥቁሩ ጭስ እየተከተለን ሄድን፤ ስንመለስ ከተማው ሳንደርስ ቆመች። ገፋናት። ጓድ ታምራትም ኮቱን አውልቆ ገፋ።

ጋራዥ ስንደርስ በዚያችው ጀሪካን ያንኑ ያህል ቀዳንና ሽቦዋን ነቅለን እንደገና ሄድን። ጋሽ ሞላ ገሳይ ደርሰው ተመልሰው ጋራዡ በር ላይ አቆሙ። አያ በላይ መስመሩን ፈትተው የተረፈውን ወደ ጀሪካኗ አወረዱት። ከጀሪካኗ ውስጥ ሲንቦጫረቅ የተሰማው ድምፅ ለጋሽ ሞላ ምን ያህል ትልቅ እንደነበር እኔ አላውቅም። እሳቸው ብቻ ፊታቸውን አዞሩ።

ጓድ ታምራት ጀሪካኗን አንሥቶ መዘናት። «እሺ፣ መኪናዋ ትጠጣለች። ማን አሳመማት?»

እኔ አፍንጫዋን መዳፌ ላይ አድርጌ ስለ እርሳሱ ነገርኩት። በረጅሙ የተናገርኩት በዚያ ዘመን ያችን ጊዜ ብቻ ሳይሆን አይቀርም። እስከ መጨረሻው ሰማኝ። ከዚያ ወደ ነዳጅ መቀበያዋ ሄዶ በጣቱ የተቆረጠውን ጠርዝ ዞረው።

«ይህን ማን ከፈተው?»

«እኔ ነኝ» አሉ አያ በላይ።

«በማን ትእዛዝ?»

አያ በላይ ኮፍያቸውን አወለቁ። «ጠበበኝና ቆረጥኩት ጓድ። በሉ ለማንም የምትጽፉትን ጻፉ። ሞላን ግን ልቀቁት።»

በዚያ የነበርን ሁሉ ማን እንዳዘዘ እናውቃለን፤ እሱም እንደምናውቅ ያውቃል። የሻይ ቤቷ ባለቤት ሬዲዮኗን ዝቅ አደረገች። ጓድ ታምራት የደረት ኪሱን ፈታና የታጠፈ ወረቀት አወጣ። ለነገዎቹ ሰዎች ያዘጋጀው ረቂቅ ነው፤ ያኔ ደብዳቤ መጀመሪያ በእርሳስ ተረቅቆ ነው ወደ ታይፕ የሚሄደው። በመኪናዋ መከለያ ላይ ዘረጋው። ሲያነብበው ከንፈሩ ይንቀሳቀስ ነበር።

«ላጲስ ያለው አለ?» አለ።

ያለው ሰው አልነበረም። ጋሽ ሞላ እጃቸውን ወደ ጆሯቸው ጀርባ አደረጉና ጉርዷን አወጡ። በዕቃ ቤቱ ውስጥ ሁሉ አብራቸው ነበረች። ጫፏ ላይ ያለችው ላጲስ አልቃ የቀረችው ትንሽ ናት። «እቺ ካገለገለችህ» ብለው ሰጡት።

ጓድ ታምራት አሻጥር የሚለውን ቃል እያሸ አጠፋው። ወረቀቱ እስኪሳሳ አሸው። በቦታው ብልሽት ብሎ ጻፈ። ከዚያ የጋሽ ሞላን ስም አጠፋ፤ በሱ ቦታ የማንንም ስም አልጻፈም። ግራጫውን ብናኝ ከመከለያው ላይ እፍ አለው። እርሳሷን በሁለት እጁ መለሰላቸውና ኮቱን ሳይቆልፍ ሄደ። ቅዳሜ የመጡት ሰዎች ምን እንዳሉት አላውቅም። ወሩ ሳይሞላ ወደ ሌላ ቦታ ተዛወረ፤ ወዴት እንደሆነ የነገረን የለም።

መኪናዋ አፍንጫዋ እንደተነቀለ ለብዙ ዓመት ክትባት አመላለሰች። አያ በላይ ካረፉ ቆዩ፤ ጋሽ ሞላም ተከተሉ። ከሁሉ ይልቅ የማስታውሰው ግን የዚያን ዓርብ ማግሥት ነው። ጋሽ ሞላ ጢማቸውን ተላጭተው፣ እትዬ የሺ ያጠቡላቸውን ካኪ ለብሰው ሊቀዱ መጡ። ማንቆርቆሪያውን ከማንሣታቸው በፊት እርሳሷን ከጆሯቸው ጀርባ አወጡና ወደ እኔ ዘረጉ።

«ጋሼ፣ አሁንማ ይህቺ አለመሆኗን አወቅን እኮ» አልኳቸው።

«አውቃለሁ» አሉ። «ብትወድቅብኝስ? ያዝልኝ።»

ቀድተው እስኪጨርሱ ድረስ በሁለት እጄ ያዝኳት።